የማላኪ ፊት

ትናንት አልተኛሁም፣ ከትናንት ወዲያም አልተኛሁም፤ እንቅልፍ እንደ ተኳረፈ ጎረቤት ደጄን እያየ ያልፋል እንጂ አይገባም። አሁን ጠዋት ነው፣ ኩዊንስላንድ ውስጥ፣ ታውንስቪል ከተማ፣ በአንዲት የቆዳ ሐኪም መጠበቂያ ክፍል ተቀምጫለሁ፣ አፍንጫዬ ላይ ነጭ ፋሻ ተለጥፏል፣ ዙሪያዬ ያሉትም ሰዎች እንደዚያው ናቸው፣ አንዷ ጆሮዋ ላይ፣ አንዱ ከንፈሩ ላይ፣ አንዷ ቅንድቧ ላይ። ዓይኔ ክድን ሲል ማላኪ መጥቶ አጠገቤ ይቀመጣል። ወንድሜ ማላኪ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እንደዚያም ሆኖ እግሩን አንፈራጦ ነው የሚቀመጠው፣ ሰው ማለፊያ እስኪያጣ ድረስ፣ በሕይወቱም እንደዚያ ነበር። ወሰዱት? ይለኛል። ምኑን? እለዋለሁ። ፊቴን፣ ይላል።

ፊታችን አንድ ነበር። መንታ አይደለንም፣ እሱ በዓመት ይበልጠኛል፣ ግን አምላክ ሁለተኛውን ሲሠራ ሐሳብ ያጠረው ይመስል ያንኑ አፍንጫ፣ ያንኑ ቀይ ጢም፣ ያንኑ ነጥብ በነጥብ የሆነ ቆዳ ደገመው። ዛሬ ጠዋት ሐኪሟ ያንን አፍንጫ በመርፌ አደነዘዘችውና ከክንፉ ላይ የጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ አነሳች። ቁራጩን ወደ ጓዳ ወስደው ጠርዝ ጠርዙን በማይክሮስኮፕ ያዩታል፤ ጠርዙ ንጹሕ ከሆነ ቁስሉ ይሰፋል፣ ካልሆነ እንደገና እጠራለሁ፣ እንደገና ይቆረጣል፣ እንደገና ወጥቼ እጠብቃለሁ። እዚህ የተቀመጥነው ሁሉ የየራሳችን ጠርዝ እስኪታወቅ ነው የምንጠብቀው። የእኔ ካንሰር የሚገድል ዓይነት አይደለም ብለውኛል፣ ከቦታው ተነሥቶ ወደ ሌላ አካል የሚሄድ አይደለም፣ ባለበት ተቀምጦ እየቆፈረ የሚበላ ነው። የማላኪ ግን ሄዷል።

ጆሮዋ የታሰረው ሴትዮ፣ ወይዘሮ ፓስኮ ትባላለች፣ የከብት አርቢ ሚስት ናት፣ ለሁላችንም ታወራለች። ይህች ሐኪም እስከ ዛሬ ከእኔ ላይ ያነሳችውን ሁሉ ሰብስባ ብትሰፋው ሌላ ሴትዮ ይወጣት ነበር፣ ባሌም እሷን ይመርጣት ነበር፣ አለች። ከንፈሩ የታሰረው ሰውዬ መሳቅ ፈልጎ አፉን በሁለት እጁ ያዘ። እኔም ሳቅሁ፣ አፍንጫዬ ግን እንጨት ሆኗል፣ አልሳቀም። እዚህ አገር እንደዚህ ነው፣ ሰው ቆዳውን እንደ ዛፍ ቅርፊት እያስላጠ ያረጃል፣ ማንም አያለቅስም፣ ስለ ዝናብ እንደሚወራ ነው የሚወራው። ማላኪም እንደነሱ ቀላል አድርጎ ነው ያየው። እኔ ነኝ እንደነሱ መሆን ያቃተኝ።

ከአየርላንድ ስንመጣ ሃያ ዓመት ያልሞላን ልጆች ነን፣ ከማዮ ጠረፍ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል ሰው ሥራውን ትቶ ግድግዳ ተደግፎ ከሚሞቅበት አገር። መርከቧ የምድር ወገብን ስትሻገር ማላኪ ሸሚዙን አወለቀ፣ ከዚያ በኋላ መልሶ የለበሰው ለቤተ ክርስቲያንና ለቀብር ነው። ኢንግሃም በምትባል ከተማ ሸንኮራ አገዳ እንቆርጣለን፣ ማታ ማሳው ይቃጠላል፣ ጠዋት በዚያ ጥቀርሻ ውስጥ ገጀራ ይዘን እንገባለን፣ ጥቁር ሆነን እንወጣለን፣ ስንታጠብ ቀይ እንሆናለን፣ ቆዳችን ይላጣል፣ ከሥሩ ያለው እንደገና ይቃጠላል። ማላኪ የተላጠውን ከትከሻው እየላጠ፣ እዩት፣ የማዮን ልጅ አወለቅሁት፣ ከሥሩ የኩዊንስላንድ ሰው አለ፣ ይል ነበር። ከዓመታት በኋላ፣ ማሽን አገዳውን መቁረጥ ከጀመረና እኔም የአገዳ ባቡር ነጂ ከሆንኩ በኋላ፣ ሲጋራው የሚያርፍባት የታችኛው ከንፈሩ ላይ ቅርፊት ወጣች። የአገዳ ቅጠል ቆርጦኝ ነው አለ። ሂድና ታይ አልኩት፣ ደግሜ ደጋግሜ አልኩት፣ አንተ ሚስቴ ነህ እንዴ ይለኛል። ቅርፊቷ ትወድቃለች፣ ትመለሳለች፣ ከዚያ አንገቱ ላይ እንደ ለውዝ ያለ እብጠት ወጣ፣ ከዚያ ብሪዝበን ሆስፒታል፣ ከዚያ ግማሽ መንጋጋው ተቆርጦ ወጣ፣ ከዚያ ሰው የሌለበት ልሙጥ አንሶላ። በመጨረሻው ቀን የሚለው አይሰማም ነበር፣ እጄን ይዞ ፊቴን ብቻ ያያል፣ መስታወት እንደሚያይ ሰው ያያል፣ ፊቱ ምን ይመስል እንደነበር ከእኔ ላይ እያነበበ ነበር።

ለዲሊያ የነገርኳት እኔ ነኝ። ታላቅ እህታችን ናት፣ እናታችን በልጅነታችን ስለሞተች አጥባ አብልታ ያሳደገችን እሷ ናት፣ ማዮ እዚያው ተወልዳ እዚያው አረጀች። ከሆስፒታሉ ኮሪደር ደወልኩ፣ መስመሩ ያፏጫል፣ የተናገርኩት ባሕሩን ተሻግሮ እስኪደርሳት የራሴን ድምፅ መልሼ እሰማለሁ፣ ሞተ፣ ሞተ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀችኝ፣ «የምትቀብሩት ፀሐይ ላይ ነው?» ጥላ አለው፣ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለው፣ አልኳት። አዎ፣ ጥላ ይሁንለት፣ አለችና ዘጋች። 

የኔ ቆንጆ፣ ና፣ ትለኛለች ነርሷ፣ ስሟ ኪራ ነው፣ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ፣ ሁሉንም ሰው የኔ ቆንጆ ነው የምትለው፣ ደስ ይለኛል። እንደገና ወንበሩ፣ እንደገና መብራቱ፣ ፊቴ ላይ ቀዳዳ ያለው ሰማያዊ ጨርቅ ይደረጋል፣ እንደገና መርፌ። ዶክተር ቫንስቶን ቀጭን ሴት ናት፣ ስትሠራ ትንፋሿ አይሰማም። ሥሩ ካሰብነው በላይ ሮጧል፣ ወደ አፍንጫው ጫፍ ሄዷል፣ ትንሽ ልጨምር ነው አለችኝ። አያምም፣ ግን ይሰማል፣ ቆዳ ሲቆረጥ አዲስ ጨርቅ በመቀስ እንደሚቆረጥ ያለ ድምፅ አለው፣ ደሙን ለማቆም ሲያቃጥሉት ደግሞ ጭሱ ይሸታል፣ የራሴ ጭስ። የአገዳ እሳት ነው፣ ይላል ማላኪ፣ በጨርቁ ውስጥ ገብቷል፣ ከትንፋሼ ጋር። ዶክተር፣ አልኩ፣ ስትጨርሺ ያው ፊት ይሆናል? እጇ ቆመ። 

«ያው አይሆንም። የእርስዎ ግን ይሆናል።» 

የእኔ ብቻ አይደለም አልኳት። ማደንዘዣው አስቀባጠረው ብላ ሳታስብ አልቀረችም፣ ዘና ይበሉ አቶ ጌራቲ አለችና ቀጠለች። 

እንዴት ብዬ ልንገራት? ዲሊያ ትዝታዋ ከተነነ ሁለት ዓመት ሆነው። ትዝታዋ ከዳር እየተቆረሰ ነው የሄደው፣ በመጀመሪያ ትናንት፣ ከዚያ ባለፈው ዓመት፣ ከዚያ የባሏ ሞት፣ ከዚያ የማላኪ ሞት። ልጇ ግራኒያ ደወለችልኝ፣ ድምፅዋ የደከመ ነው። አጎቴ፣ እማዬ በየቀኑ ማላኪ የት ነው ትላለች፣ ሞቷል ስንላት ዛሬ እንደ ሞተ ታለቅሳለች፣ ሲነጋ ረስታ እንደገና ትጠይቃለች፣ በየቀኑ አዲስ ሬሳ ነው፣ እኛም አልቻልንም። አንድ ነገር ልለምንህ ነው፣ ፊትህ የሱ ነው፣ ማላኪ ሆነህ አንዴ አናግራት፣ አለች። እሁድ፣ እዚህ ሲመሽ እዚያ ሲነጋ፣ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዷ በፊት፣ ምስሌን የሚያሳየውን የስልክ መስታወት ፊቷ አቆሙላት። ዲሊያ ነጭ ፀጉሯን አስበጥራ ተቀምጣለች፣ አየችኝ፣ ፊቷ በራ። «ማላኪዬ» አለች። እኔ ገና ልዋሽ አልዋሽ እያልኩ ከራሴ ጋር አልጨረስኩም፣ አፌ ቀድሞኝ አቤት አለ።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ማላኪ ነኝ። የሱን ሳቅ እስቃለሁ፣ ከወደ ጉሮሮ የሚመጣውን፣ አልረሳሁትም። እሷም ለሱ የነበራትን ፍቅር ታፈስብኛለች፣ የኔ ቀውስ፣ የኔ ዘፋኝ፣ ዓሣው የወጋህ እግርህ ዳነ? ትለኛለች፣ ለእኔ በሕይወቷ እንዲህ ብላኝ አታውቅም፤ አልጠላችኝም፣ ግን እኔ ማገዶውን በወቅቱ የማስገባ፣ ጫማዬን የማልጥል፣ ሰው ሳያየው የሚያድግ ልጅ ነበርኩ። አንድ ቀን ብቻ፣ ያ ወንድምህስ? አለችኝ። ደህና ነው አልኳት። እሱ እንኳ ዝምተኛ ነው፣ በሆዱ ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው፣ አለችና ስለ አህያዋ ማውራት ጀመረች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ወንበሩ ላይ ቀረሁ፣ ጨለማው ሲገባ መብራት አላበራሁም። ቀብሬ ላይ ተገኝቼ የተመለስኩ ያህል ነበር፣ ደግሞም ብዙ ለቀስተኛ ያልነበረው ቀብር። የሞተው ወንድሜ በየሳምንቱ ይጠራል፣ ይወደዳል፣ እኔ በሕይወት ያለሁት ሰውዬ ደግሞ በሱ ፊት ውስጥ ተደብቄ እሰማለሁ። ከሁለታችን መንፈስ የሆነው የትኛው ነው?

ሐኪም ሳላይ የቆየሁት ለዚህ ነው። ጢሜን ስላጭ አፍንጫዬ ክንፍ ላይ እንደ ሰም የምታበራ እብጠት አየሁ፣ ስትነካ ትደማለች፣ ምን እንደሆነች በዚያው ቀን አውቄያለሁ፣ ማን ከእኔ የበለጠ ያውቃል? ግን እሁድ አለ፣ ፊቱ ሥራ አለው፣ ለትንሽ ይቆይ አልኩ፣ ክረምቱ ይለፍ፣ ዲሊያን እስኪሻላት፣ እሷን እንደማይሻላት እያወቅሁ። ያየብኝ ጎረቤቴ ኤዚዮ ነው። አባቱ ከጣሊያን የመጣ፣ እሱ ራሱ የፊቱ ቀለም እንደ ወይራ የሆነ፣ ፀሐይ ምንም ያላደረገችው ሽማግሌ ነው፣ በአጥር በኩል ቲማቲም እያቀበለኝ አፍንጫዬ ላይ አፈጠጠ። ማላኪንም ያውቀው ነበር፣ ሬሳውንም አብሮኝ ተሸክሟል። እናንተ ለጉም የተሠራችሁ ሰዎች፣ ማን ጠርቷችሁ ነው ምድጃ ውስጥ ገብታችሁ የተቀመጣችሁት? አለኝ። ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ሁለተኛ አየርላንዳዊ አልሸከምም፣ ወገቤን ያመኛል፣ ብሎ ወደ ቤቱ ገብቶ ለሐኪም ቤቱ ራሱ ደወለ። ዛሬም ያመጣኝ እሱ ነው፣ ውጭ መኪናው ውስጥ ፓይ የሚሉትን ሥጋ የታጨቀበት ቂጣ እየበላ የፈረስ ውድድር ያዳምጣል።

ሁለተኛው ቁራጭም ጠርዙ ንጹሕ አልነበረም። ሦስተኛው ነው ንጹሕ የሆነው። ነርሷ ጎንበስ ብላ አለቀ የኔ ቆንጆ፣ ምንም አልቀረም፣ ስትለኝ ከሥሩ ያለውን ትርጉም ሰማሁ፣ ምንም አልቀረም። ቀዳዳው ትልቅ ስለሆነ ዝም ብሎ አይሰፋም፣ ከግንባሬ ላይ ቆዳ ገልብጠው ወደ አፍንጫዬ አወረዱት፤ ቆዳው ደም እንዳይቋረጥበት ከቅንድቤ ሥር ሳይቆረጥ እንደ ድልድይ ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ከሳምንታት በኋላ አዲሱ ቦታ ሲለምደው ድልድዩ ይቆረጣል። ሲጨርሱ መስታወት ልስጥዎ? አለች ዶክተሯ። አይ፣ አልኩ። አልገፋፋችኝም፣ ትከሻዬን ያዝ አድርጋኝ ወጣች። 

ኤዚዮ ሲያየኝ የፈረስ ውድድሩን ዘጋ። ከዚያ የመኪናውን በር ከፈተልኝ፣ ቀበቶውን እንደ ሕፃን አሰረልኝ፣ ከከተማው ወጥተን አገዳው ግራ ቀኙን እስኪይዘው ድረስ ሄድን። ግንባርህን አፍንጫህ ላይ ካወረዱት፣ አለ በመጨረሻ፣ እንግዲህ ስታስነጥስ ሐሳብህ ሁሉ ሊወጣ ነው። ሳቁ ስፌቱን ጎተተው፣ እንባዬ መጣ፣ መጥቶም አልቆም አለ፣ ኤዚዮም መንገዱን ብቻ እያየ ነዳ። ዛሬ እኔ ጋ ትተኛለህ ያለኝን እምቢ አልኩ። የመጨረሻውን የቲማቲም ሾርባ በር ላይ ትቶልኝ ሄደ።

ቤቴ ገብቼ መስታወቱን አየሁ። አንድ ሽማግሌ አለ፣ የአንድ ዓይኑ ዙሪያ ጠቁሯል፣ ከቅንድቡ የሥጋ ገመድ ተንጠልጥሎ አፍንጫው ላይ ተተክሏል። ማላኪ፣ አልኩ። የሚገርመው አዲሱን አፍንጫዬን በጥጥ ስነካው የሚሰማኝ ግንባሬ ላይ ነው፣ ነርቩ ገና ያረፈበትን አላወቀም፣ የመጣበትን አገር ነው የሚናገረው፣ ሐኪሟ ይህን ነግራኝ ነበር፣ ግን ሲነግሩህና ሲደርስብህ አንድ አይደለም። ጓዳ ሄጄ ወንበሩን አየሁ፣ እግሩን የሚያንፈራጥጥበትን፣ ባዶ ነው። ለሃያ ዓመት ከቤቴ እንዲወጣ ስለምነው የኖርኩ ሰው፣ ያን ቀን በየክፍሉ እየዞርኩ ፈለግሁት።

እሁድ ደረሰ። ግራኒያ ቀድማ መልእክት ላከች፣ አጎቴ ይህን ሳምንት ብንተወውስ፣ እማዬ እንዳትደነግጥ፣ ትላለች። ልተወው ነበር። ፊቱ ከሌለ ማንን ይዤ እቀርባለሁ? ግን ሰዓቱ ሲደርስ ጣቴ ደወለ። ዲሊያ በስልኩ መስታወት ታየችኝ፣ የቤተ ክርስቲያን ኮቷን ለብሳለች። አፈጠጠች፣ እጇን አፏ ላይ አደረገች፣ ይህን ሰውዬ ከፊቴ አንሡልኝ አለች፣ ወንበሩ ሲንቋቋ ይሰማኛል፣ ግራኒያ አይዞሽ እማዬ ትላለች፣ ምስሉ ተገልብጦ ጣሪያ ብቻ ሆነ። የማላኪን ድምፅ ላወጣ ጉሮሮዬን አዘጋጀሁ። አልመጣም። የመጣው የራሴ ነው፣ ቀጭኑ፣ ሰው የማይሰማው። ዲሊያ፣ ፊንታን ነኝ፣ አልኩ። እዚያ ማዶ ሰዓት ግድግዳ ላይ ሲቆጥር እሰማለሁ፣ የአባቴ ሰዓት ነው።

«ፊንታን?» አለች። «የኛ ፊንታን?» 

አዎ። 

«ምን አደረጉህ?» 

ፀሐይ ናት፣ አፍንጫዬ ላይ በሽታ ነበር፣ አወጡት፣ አሁን ደህና ነኝ፣ አልኳት፣ ለሕፃን እንደሚነገር። አመመህ? አለች። ማደንዘዣ ወግተውኛል ልላት ነበር፣ ለወይዘሮ ፓስኮም ለኤዚዮም ያልኩት ያንኑ ነው። አመመኝ ዲሊያ፣ አልኩ። እሰይ እንኳን ተናገርክ፣ አለች፣ ልጅ ሆነህ መዥገር እግርህን ሲበላህ ሰንብቶ ትንፍሽ አላልክም፣ ሌሊት ካልሲህን ሳወልቅ ነው ያየሁት። ይህን እኔ ረስቼዋለሁ። እሷ ግን፣ ያ ሁሉ ከተቆረሰላት በኋላ፣ ይህችን ይዛለች። ብርድ እንዳይገባው ሸፍነው አለችኝ፣ ከኢንግሃም ሙቀት ውስጥ፣ እሺ አልኩ። ደወል ሲደወል ተሰማ፣ ቅዳሴ ደርሷል፣ ግራኒያ አፍንጫዋን እየሳበች ስልኩን ዘጋች።

ደስ አለኝ ልበል? ያን ሳምንት ትንሽ ተኛሁ። ኤዚዮ ፋሻውን ለመቀየር ይመጣል፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ እንደ ሰዓት ሠሪ ይጠነቀቃል፣ አንድም ቀን ቀልዱን አያቆምም። ተስፋ ማድረግ ጀመርኩ፣ ሞኝነት ነው፣ እሁድ ስደውል ፊንታን ትለኛለች ብዬ። በድምፅ ብቻ ይሁን፣ ምስሉ ይቅር፣ አለችኝ ግራኒያ፣ እሺ አልኩ።

እሁድ ደወልኩ፤ ዲሊያ አልኩ፣ በራሴ ድምፅ። ማላኪዬ፣ አለች። ወዲያው፣ ሳታመነታ። ያለፈው እሁድ ሄዷል፣ እንደ ሌላው ሁሉ ተቆርሶ ሄዷል። አቤት፣ አልኩ፣ ሳቁን አላወጣሁም፣ አቅም አልነበረኝም፣ እሷም ያን አላስተዋለችም። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋለች፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማት ስልኩን አፏ ላይ እንዳስጠጋች ትንፋሿ ይነግረኛል። 

«ስማ ማላኪ፣ ወንድምህን ፊቱን ቆርጠውታል። አሞታል። አሞኛል አይልም እንጂ አሞታል። አንተ እዚያ አጠገቡ አይደለህ? አደራህን፣ ብቻውን እንዳትተወው።» 

መስኮቱ ተከፍቷል፣ ከኤዚዮ ግቢ ውሻው ይጮሃል፣ የአገዳው ባቡር ወደ ፋብሪካው ሲያልፍ ሐዲዱ ይሰማል። እጄን አንሥቼ አዲሱን ቆዳ ነካሁት፣ ግንባሬ ላይ ተሰማኝ፣ ሰው ራሴን እንደዳሰሰኝ። 

«አልተወውም» አልኳት።